የአየር እኩልዮሽ ስንት መልስ አለው?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ኢንጂነሪንግ ነው የምትማረው። ቤታችን አዳማ ነው። በረንዳው ላይ ቁጭ ሲሉ ጋራው ላይ የተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች በሩቁ ይታያሉ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» አለችና ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው።

ሥዕሉ ላይ ሁለት የአየር ንብብሮች አሉ። የላይኛው ወደ ቀኝ፣ የታችኛው ወደ ግራ ይሄዳል። ድንበራቸው ላይ አየሩ እየተጠቀለለ አዙሪት ይሠራል። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያሰላው ቦታውን በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ጎን 256 ካሬ አድርጋ አሠራችው። ከዚያ 512፣ ከዚያ 1024። ካሬው ባነሰ ቁጥር ሥዕሉ እየጠራ ወደ አንድ መልክ መጠጋት ነበረበት። አልተጠጋም። ሦስቱም ላይ አዙሪቶቹ ሌላ ቦታ፣ ሌላ መጠን ናቸው።

«ኮዱ ላይ ስህተት አለ መሰለኝ» አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አብረን ፈለግን። አላገኘንም። ነገሩ ከኮዱ በፊት፣ እኩልዮሹ ራሱ ውስጥ ነው ያለው። በየጊዜው «የፈሳሽ እኩልዮሽ ተፈታ» ወይም «ፈረሰ» የሚል ዜና ሲዞር ብዙ ሰው ግራ የሚጋባውም እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ለሷ ያስረዳኋትን ለእናንተም ልጻፈው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኩልዮሹ ምን ይላል?

ባለሱቅ ማታ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ የሚያደርገውን አስቡ። ጠዋት የነበረ፣ ሲደመር የገባ፣ ሲቀነስ የወጣ፣ ማታ የቀረ። የአየር እኩልዮሽም ይኸው ነው። ቦታውን በሐሳብ ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ትከፋፍሉና በእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ደብተር ትይዛላችሁ። አንደኛው የአየሩ ክብደት ነው፤ ምን ያህል አየር ገባ፣ ምን ያህል ወጣ። ሁለተኛው ግፋቱ ነው፤ አየሩ ወደየት፣ በምን ኃይል እየተጓዘ ነው። ሦስተኛው ጉልበቱ ነው፤ ሙቀቱም እንቅስቃሴውም አንድ ላይ። ከየትም የሚፈጠር፣ የትም የሚጠፋ ነገር የለም።

ይህን መጀመሪያ በዚህ መልክ የጻፈው የባዝሉ ተወላጅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ሥራው በ1757 በርሊን ላይ ታተመ። የጉልበቱ ደብተር ግን ኋላ የመጣ ነው። በኦይለር ዘመን የሙቀት ሳይንስ ገና አልተወለደም ነበር።

ሁለት ቃላት እዚህ ላይ ይብራሩ።

የሚታመቅ። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ውሰዱ። አየር ሳቡበትና ጫፉን በአውራ ጣት ድፈኑት። ሲገፋ ይገባል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይወጣል። አሁን ውሃ ሙሉበትና ድገሙት። ንቅንቅ አይልም። አየር ይታመቃል፣ ውሃ በጣት ኃይል አይታመቅም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ፍትጊያ የሌለው። ማር ሲንቆረቆር አንዱ ንብብር ሌላውን ይዞ ይጎትታል። ውሃ ላይ ይህ በጣም ያነሰ ነው፤ አየር ላይ ደግሞ ከውሃም ያንሳል። ኦይለር ከናካቴው ዜሮ ነው ብሎ ጻፈው። በአየር ላይ ትክክለኛው ዜሮ የለም፤ ግን ለብዙ ሥራ በቂ ግምት ነው።

አንድ ነገር በሐቅ ልናገር። ጋራው ላይ ላሉት ተርባይኖች መታመቁ ብዙም አያሳስብም። አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይን አላቸው። የአንዳቸውም ክንፍ ጫፍ በሰከንድ 100 ሜትር አይደርስም። በዚያ ፍጥነት የአየሩ እፍጋት የሚለወጠው ከ5 በመቶ በታች ነው። መታመቅ ጉዳይ የሚሆነው ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ሲጠጋ ነው። አውሮፕላን፣ ጥይት፣ ፍንዳታ፣ ነጎድጓድ የዚህ ወገን ናቸው።

«በወጉ የቀረበ ጥያቄ» ማለት ምንድን ነው?

ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ያድራል፣ አይደክመውም» የተባለ እንደሆነ አንዱ «ወንዝ!» ይላል፣ ሌላው «ንፋስ!» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጠብ ይነሳል። ሀገር የሚሰጥ ይጠፋል። ጥፋቱ ግን የመላሾቹ አይደለም። እንቆቅልሹ ሲሠራ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ተደርጎ አልተሠራም።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣክ አዳማር በ1902 ይህንን ለእኩልዮሽ አደረገው። (ስሙ ከከተማችን ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን በዚያ ሰበብ ረስቼው አላውቅም።) ስለ ተፈጥሮ የሚነገር እኩልዮሽ ሦስት ነገር ሊያሟላ ይገባል አለ። መልስ ይኑረው። መልሱ አንድ ብቻ ይሁን። መነሻው በትንሹ ሲለወጥ መልሱም በትንሹ ይለወጥ።

ሦስተኛው ለምን እንዳስፈለገ ከወጥ ቤት ማየት ይቻላል። ወጥ ላይ አንድ ቁንጥር ጨው ብትጨምሩ ጨዉ ትንሽ ይሰማል እንጂ ዶሮው ሽሮ አይሆንም። ጨው የሚጨምር እጅ መቼም ልክክ አይልም። የአየርን ሙቀትና ፍጥነት የሚለካ መሣሪያም እንደዚያው ነው። ጥቃቅን ስህተት ሁሉን የሚገለብጥ ከሆነ ስሌቱ ከመጀመሪያውም ዋጋ የለውም።

ይህን የማያሟላ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። የቀዘቀዘ የቡና ሲኒ አሳዩኝና «ከአንድ ሰዓት በፊት ምን ያህል ትኩስ ነበር፣ የትኛው ጎኑ ይበልጥ ይሞቅ ነበር?» በሉኝ። ወደፊት ሲቀዘቅዝ ማስላት ቀላል ነው። ወደኋላ ግን በሲኒው ላይ የማትታይ የሙቀት ልዩነት ፍጹም ሌላ ያለፈ ታሪክ ትሰጣለች። ያ በወጉ ያልቀረበ ጥያቄ ነው።

ታዲያ የኦይለር እኩልዮሽ የት ላይ ነው የሚያስቸግረው?

መጀመሪያ ላይ አያስቸግርም። አየሩ ሲነሳ ልስልስ ከሆነ፣ ማለትም የትም ቦታ ድንገተኛ ዝላይ ከሌለውና የትም ቦታ ባዶ ካልሆነ፣ ለተወሰነ ጊዜ ሦስቱም መስፈርቶች ይሟላሉ። ይህ ተረጋግጦ ያለቀ ነው። ጣጣው «ለተወሰነ ጊዜ» የሚለው ላይ ነው።

ከአዳማ ወደ አሰላ ዳገቱን ስትወጡ የተጫነ አይሱዙ ከፊት ሲገጥማችሁ ምን ይሆናል? ከኋላ የሚመጡት ይፈጥናሉ፣ ከፊት ያለው ያዘግማል፣ መቅደም አይቻልም። መሀላቸው የነበረው ክፍተት እየጠበበ መጨረሻ ላይ መኪናው ሁሉ ተጠጋግቶ ተሰልፏል። አየር ውስጥም በጣም የሚመሳሰል ነገር አለ። የድምፅ ሞገድ ማለት የታመቀና የሳሳ አየር ተራ በተራ ሲጓዝ ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል (የብስክሌት ፓምፕ የነካ ያውቀዋል)፣ የሞቀ አየር ደግሞ ሞገድን ያፈጥናል። በዚያ ላይ የታመቀው ክፍል ራሱ ወደፊት እየተጓዘ ነው። ስለዚህ የሞገዱ ጀርባ ፊቱን ይደርስበታል። ቀስ ብሎ የሚወጣው ዳገት እየቀጠነ፣ እየተገተረ፣ በመጨረሻ ግድግዳ ይሆናል።

ይህ ግድግዳ ሾክ ዌቭ ይባላል። ከግድግዳው ወዲህ አንድ ግፊት፣ ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ግፊት አለ። ጠንካራ ሾክ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮ ሜትር ሊያንስ ይችላል፤ የፀጉር ዘለላ ከዚያ በብዙ አሥር እጥፍ ይወፍራል። 12ኛ ክፍል ዴሪቬቲቭ የተማረ ሰው ችግሩን ያየዋል። እኩልዮሹ የተጻፈው «ግፊቱ በየሜትሩ ምን ያህል ይለወጣል?» እያለ ነው። ግድግዳ ላይ ይህ ቁጥር ወሰን የለውም። እኩልዮሹ የራሱን ቃላት ያጣል።

ሾክ የላቦራቶሪ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቡሄ ሲደርስ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ የምትሰሙት «ጯ!» እሱ ነው። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ይፈጥንና ትንሽ ሾክ ይወልዳል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይባላል። ጩኸቱ በእርግጥም የራሱ የጅራፉ ነው፤ የሚመታው ነገር ባይኖርም ይጮኻል።

እኩልዮሹ ወደዚህ እንደሚያመራ መጀመሪያ ላይ ለመቀበል ከብዷቸው ነበር። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቶክስ በ1848 እንዲህ ያለ ዝላይ ሊኖር ይችላል ብሎ ጻፈ። ኋላ ግን ሌሎች ሊቃውንት ሞገቱትና ተመለሰበት። ኤርነስት ማኽ በ1887 የሚበር ጥይት ፊት ያለውን ሾክ በፎቶ አወጣው። ከዚያ በኋላ ዓይን የመሰከረውን መካድ አልተቻለም።

እኩልዮሹ ቃል ሲያጣ ምን ይደረጋል?

ወደ ባለሱቁ ደብተር ይኬዳል። ግድግዳው ላይ «በየሜትሩ ስንት?» ብሎ መጠየቅ ባይቻልም «የገባውና የወጣው ይመጣጠናል ወይ?» ማለት ይቻላል። ይህን ብቻ የሚያሟላ መልስ ልል መፍትሔ ይባላል። ዝላይ ይፈቀድለታል፣ ሂሳቡ ግን መዝጋት አለበት። በርንሃርት ሪማን በ1860 መንገዱን ጀመረው። ራንኪንና ዩጎኒዮ ደግሞ በቀጣዮቹ 30 ዓመታት ውስጥ ጉልበቱንም ጨምረው በግድግዳው ግራና ቀኝ ምን ከምን ጋር መመጣጠን እንዳለበት በትክክል አስቀመጡ።

ግን ሕግ ሲላላ በሩ ለብዙ ይከፈታል። ልል መፍትሔ ላይ ከአንድ በላይ መልስ ይመጣል። ከነዚህ ውስጥ ጀበና ወድቆ ሲሰበር የተቀረጸን ቪዲዮ ወደኋላ እንደማጫወት ያሉ አሉ። ሾኩ ወደኋላ ይሄዳል፤ የታመቀው አየር ያለምክንያት በአንድ ዝላይ ይሳሳል። ሂሳቡ ይዘጋል፤ ሆኖም ስብርባሪው ተሰብስቦ ጀበና ሲሆን አይቶ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ደንብ ተጨመረ። ኢንትሮፒ የሚባል መለኪያ አለ፤ በቀላሉ ጊዜ ወደየት እንደሚሄድ የሚመሰክር ቁጥር በሉት። በሾክ ውስጥ የሚያልፍ አየር ኢንትሮፒው መጨመር አለበት እንጂ መቀነስ የለበትም። ፒተር ላክስ በ1957 ይህን ለብዙ ዓይነት እኩልዮሽ በሚሆን መልክ አስቀመጠው።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ እንደ ረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ለሚሄድ አየር፣ ይህ ሠራ። ጄምስ ግሊም በ1965 መነሻው ብዙ የማይዋዥቅ ከሆነ መልሱ ለዘላለም መኖሩን አረጋገጠ። አንድ ብቻ መሆኑንና በትንሽ ለውጥ አለመገልበጡን ለማረጋገጥ ግን እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ መጠበቅ ነበረበት። የአልቤርቶ ብሬሳንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ከ30 ዓመት በላይ፣ ለቱቦ ብቻ! ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በቱቦ ሳይሆን በሜዳ ላይስ?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

እውነተኛ አየር በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ቶማስ ሲደሪስ በ1985 በሦስት አቅጣጫም ቢሆን አንዳንድ ልስልስ መነሻዎች ልስልስ ሆነው ለዘላለም መቆየት እንደማይችሉ አሳየ። ዲሜትሪዮስ ክርስቶዱሉ በ2007 አንድ ሺህ ገጽ ገደማ በሆነ መጽሐፍ ሾኩ እንዴት እንደሚወለድ ዝርዝሩን ጻፈ። ከተወለደ በኋላስ? የኢንትሮፒው ደንብ እንደ ቱቦው ሁሉ አንዱን መልስ ይለይልናል ተብሎ ተስፋ ይደረግ ነበር።

በ2010 ካሚሎ ደ ሌሊስና ላስሎ ሴኬይሂዲ ያልተጠበቀ ነገር አመጡ። ደንቡን ሁሉ የሚያከብሩ፣ ከአንድ መነሻ የሚነሱ፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው መልሶች መኖራቸውን አረጋገጡ። በ2015 ደግሞ ኤሊዛቤታ ኪዮዳሮሊ፣ ደ ሌሊስና ኦንድሬይ ክሬምል ይህ ሆን ተብሎ በተወሳሰበ መነሻ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ አሳዩ። በሚታመቅ ጋዝ ላይ፣ ምንም ዝላይ ከሌለው መነሻ ተነስቶም ይመጣል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ሽንሽን ቀሚስ አስቡ። ልብስ ሰፊው አምስት ሜትር ጨርቅ ይወስድና አንድ ሜትር ወገብ ላይ ያሳርፈዋል። እያጠፈ፣ እየሸነሸነ። ከሩቅ ሲታይ ወገቡ ለጥ ያለ ነው። ቀረብ ሲሉ እጥፋት በእጥፋት ነው። አሁን ሌላ ሰፊ ያንኑ ጨርቅ እዚያው ወገብ ላይ በሌላ አስተጣጠፍ ያስቀምጠዋል። ሌላውም በሌላ። ወገቡ አንድ፣ ጨርቁ አንድ፣ ሽንሽኑ ግን አያልቅም። ሊቃውንቱም ፍሰቱ ላይ እየደቀቀ የሚሄድ ሽንሽን ይጨምሩበታል። ትልቅ፣ በሱ ላይ ትንሽ፣ በሱ ላይ የደቀቀ፣ እያለ ማብቂያ የለውም። በእያንዳንዱ እርከን ሂሳቡ ወደ መዝጋት ይጠጋል። መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ሐሳቡ ከጆን ናሽ የመጣ ነው። እሱ በ1954 ንጣፍን ሳይቀድዱ በጠባብ ቦታ ማጣጠፍ እንደሚቻል ያሳየበት ብልሃት ነበር።

በ2011 ሴኬይሂዲ ለማይታመቅ ፈሳሽ አንድ መነሻ ወሰደ። ሁለት ንብብሮች፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የሚንሸራተቱበት። መልሱ ቁጥር ስፍር የለውም። የእህቴ ልጅ ስክሪን ላይ የነበረው መነሻ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ስነግራት ላፕቶፑን ዘግታ ዝም ብላ አየችኝ።

ታዲያ ፊዚክሱ ፈረሰ ማለት ነው?

አይደለም። አየሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። አንድ መነሻ ላይ ቆሞ ሺህ ነገር ሲያደርግ የታየ አየር የለም። የጎደለው የኛ መግለጫ ነው። ኦይለር ዜሮ ያደረጋት ትንሿ ፍትጊያ አንድ ሥራ ትሠራ ነበር። የደቀቀውን ሽንሽን እንደ ካውያ ትተኩሰዋለች። እሷን ስናወጣ ከመልሶቹ የሚመርጥልን ጠፋ።

ምን ይደረግ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ከኢንትሮፒው የበለጠ ጠንካራ ደንብ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ፍትጊያውን አስገብቶ ወደ ዜሮ እየቀነሱ የሚደረስበትን መልስ መውሰድ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አንድ መልስ መጠየቁን ትተን «ይህ አዙሪት እዚህ የመገኘት ዕድሉ ስንት ነው?» እንበል ይላሉ። ለኔ የመጨረሻው በጣም ሐቀኛ ይመስለኛል፤ ያልተረጋገጠ ግን ነው።

የአየር ትንበያ የሚሳሳተውም በዚህ ነው?

ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላል። የአየር ትንበያ ላይ ትንሽ ስህተት በቀናት ውስጥ ያድጋል። ዛሬ ልኬቱን ብታሻሽሉ የነገው ትንበያ በእርግጥ ይሻሻላል። ጥያቄው አስቸጋሪ ነው እንጂ በወጉ ቀርቧል። እዚህ ግን ልኬቱ ፍጹም ቢሆን፣ ስህተቱ ዜሮ ቢሆን እንኳ ሁለተኛው መልስ አለ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የአንድ ሚሊዮን ዶላሩ ጥያቄ ይህ ነው?

አይደለም። በ2000 ክሌይ የተባለው የሒሳብ ተቋም የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ያስቀመጠለት ናቪየር–ስቶክስ የሚባለው ነው። ያ ፍትጊያ ያለው፣ የማይታመቅ ፈሳሽ እኩልዮሽ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ አይደሉም።

ኮምፒውተሩ መልስ ከሰጠ ምን ቸገረን?

ኮምፒውተር ሁልጊዜ መልስ ይሰጣል። ችግሩም እሱ ነው። ካሬው ራሱ፣ ሳናዘው፣ እንደ ፍትጊያ ይሠራል። ከካሬው ያነሰ ሽንሽን አያይም፤ ይተኩሰዋል። ስለዚህ በ256 ካሬ አንድ መልስ፣ በ1024 ካሬ ሌላ መልስ ይመርጥልናል። መራጩ ተፈጥሮ ሳይሆን የካሬው መጠን ነው። ለአውሮፕላን ክንፍ፣ ለሞተር፣ ለፍንዳታ አደጋ የሚሠሩ ስሌቶች ከዚሁ ዓይነት እኩልዮሽ ይነሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ በሙከራ ስለሚመሳከሩ ጥሩ ይሠራሉ። መሐንዲሱ ግን የትኛው የሥዕሉ ክፍል ከእኩልዮሹ፣ የትኛው ከካሬው እንደመጣ ማወቅ አለበት።

የእህቴ ልጅ በነጋታው አንድ ነገር ሞከረች። መነሻውን በጣም በትንሹ እያነቃነቀች ያንኑ ስሌት 40 ጊዜ አሠራችው። ላፕቶፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም አደረ። አርባዎቹ ሥዕሎች አይመሳሰሉም። አማካያቸውን ስታወጣ ግን በ256ም፣ በ512ም፣ በ1024ም ተቀራረበ። አዙሪቶቹ ጠፍተው መሀል ላይ ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ሰፊ ቀበቶ ብቻ ቀረ። ይህን ከኛ በፊት ሌሎች ተመራማሪዎችም አይተውታል፤ እሷ ግን በራሷ ዓይን ነው ያየችው።

የመመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ ሦስቱንም ሥዕሎች ከነልዩነታቸው አስገባቻቸው። ከሥራቸው የካሬውን ቁጥር ጻፈች። አራተኛው ላይ «የ40 ስሌት አማካይ» ብላለች።